ያውቁ ኖሯል? የሕፃን ራስ ቅል ያለጊዜው ሲገጥም

የአራስ ራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም! በስፌት መሳይ መጋጠሚያዎች የተያያዙ በርካታ አጥንቶች ናቸው። እናቶች ቅቤ የሚያደርጉባት እርግብግቢት የመጋጠሚያዎቹ መገናኛ ናት!

ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ግን መጋጠሚያው ያለጊዜው ይዘጋበታል! ሐኪሞች ክራኒዮሲኖስቶሲስ ይሉታል።

የሕፃን አንጎል በመጀመሪያው ዓመት ብቻ እጥፍ ያድጋል! ስለዚህ የመሐል አናቱ መጋጠሚያ ከተዘጋበት ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል። የግንባሩ ከተዘጋ ደግሞ ግንባሩ እንደ ሦስት ማዕዘን ይሾላል!

ስፔን፣ አታፑዌርካ ውስጥ ይኸው ችግር የነበረበት ልጅ ራስ ቅል ተገኝቷል። የራስ ቅሉ ዕድሜ 530,000 ዓመት ገደማ ነው! ልጁ ከ5 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ወገኖቹ አልጣሉትም!

ዛሬ ችግሩን ለማስተካከል ቀዶ ሐኪሞች የሕፃኑን የራስ ቆዳ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚከፍቱት ብዙ ጊዜ በዚግዛግ ነው! ጠባሳው ፀጉር ውስጥ እንዲጠፋ ነው።

የተጣመመው አጥንት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል! ይቆረጣል፣ ይቀናል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ከሚያያዝባቸው ብሎኖች አንዳንዶቹ ሰውነት ውስጥ ሟሙተው ይጠፋሉ!

ክፍተት ቢቀርስ? ዓመት ባልሞላው ሕፃን የአንጎሉ ሽፋን ራሱ አዲስ አጥንት ያበቅላል! አዋቂ ይህን አይታደልም።

6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው! ስለዚህ ለቀዶ ሕክምናው የሚለገሰው ደም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ከዚህ ትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሕፃኑ ፊት አብጦ ዓይኖቹ ለጥቂት ቀናት ሊከደኑ ይችላሉ! እብጠቱ ሲጎድል ገልጦ እናቱን ያያል።

በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ሂሜኔዝና ኮንስታንስ ባሮን ይህንኑ ሥራ በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየተመሩ ሠሩት! ከዚያ ሕፃኑ በልኩ የተሠራ ቆብ በቀን እስከ 23 ሰዓት ለወራት ያደርጋል።

ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ ደግሞ ክላስ ላውሪትዘን ራስ ቅሉን በብረት ሞላ መክፈት ጀመሩ! ሞላው አጥንቱን ቀስ እያለ ይገፋና ከወራት በኋላ ይወጣል።

በጀርባ ብዙ ከመተኛት ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታይ ራስ ግን ይህ ችግር አይደለም፤ ቀዶ ሕክምናም አይሻም!

የልጅዎ አናት ላይ ጠንካራ ሸንተረር ከዳሰሱ ወይም የራሱ ቅርጽ እየተለወጠ ከሄደ ዛሬ ነገ ሳይሉ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩ። በካሜራ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው ሕፃኑ 6 ወር ሳይሞላው ነውና!