አንድ ዳዶ እና የታመቀ ሞላ

ከሻሸመኔ ተነስቶ በሃላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው አስፋልት የሾኔን ከተማ አቋርጦ ያልፋል። ዶልፊኑ፣ አይሱዙው፣ ሲኖትራኩና ባጃጁ እዚህ ሲተላለፉ ይውላሉ። በመሃላቸው ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ሱዙኪ ዲዛየር አይጠፉም። የሐዲያና የከምባታ ልጆች ከደቡብ አፍሪካ በላኩት ገንዘብ ስንቱ ቤት ቆሟል፤ በብዙ ደጃፍ ላይ የምትታየውም መኪና የዚያው ላብ ፍሬ ናት። እነዚህ ትንንሽ መኪኖች ለአስፋልት ተሠርተው ኮብልስቶንና የገጠር ኮረኮንች ይሄዳሉ። ስለዚህ ሞተራቸው ገና ደህና ሆኖ ሳለ የፊት አሞርዛተራቸው ቀድሞ ይሞታል።

እጁ ሥራ የለመደ ሰው ይህን ዕቃ ግቢው ውስጥ ራሱ መቀየር ይፈልጋል። ይችላልም። የተሟላ መፍቻ ያለውና ቸኩሎ የማይሠራ ሰው ሁለቱንም ጎን በአንድ ቀን ይጨርሳል። እኔን የሚያሳስበኝ በሥራው መሃል የምትገኝ አንዲት ዳዶ ናት። ሌላ ቦታ የተሳሳተ ሰው ፈትቶ እንደገና ያስራል፤ እዚያች ዳዶ ላይ የተሳሳተ ግን ጣቱን፣ መንጋጋውን፣ አንዳንዴም ሕይወቱን ያጣል።

ሞላና አሞርዛተር ለብዙዎቻችን አንድ ዕቃ ይመስሉናል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ጉድጓድ ሲገጥመው ይታመቃል፣ ወዲያው ተመልሶ ይዘረጋል፤ ብቻውን ቢሆን መኪናው እየነጠረ ይቀጥል ነበር። ይህን መንጠር የሚገታው አሞርዛተሩ ነው። በሆዱ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሲያልፍ የንዝረቱ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ፊት ላይ ሁለቱ ተጣምረው አንድ ምሰሶ ሆነዋል፤ ሞላው አሞርዛተሩን ከብቦ ይቀመጣል፣ ታች ከጎማው ሞዞ ጋር፣ ላይ ደግሞ ኮፈኑ ሥር ካለው የመኪናው አካል ጋር ይታሰራል። መሪ ሲዞር ምሰሶው አብሮ ስለሚዞር አናቱ ላይ ኩሽኔታ አለው።

ይህን አሠራር ያሰበው ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ለአንዲት አነስተኛ ሸቭሮሌት ነበር የደከመው፤ መኪናዋ ገበያ ሳትወጣ ቀረች፤ እሱም ወደ ፎርድ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1950 በእንግሊዝ የቀረቡት ፎርድ ኮንሰልና ፎርድ ዜፈር ይህን ምሰሶ ይዘው ወጡ። ዕቃው ጥቂት፣ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ለሞተሩም ቦታ የሚተው በመሆኑ ከዚያ ወዲህ የትንንሽ መኪኖች ሁሉ የፊት እግር ሆኖ ቀረ ማለት ይቻላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ በብዛት የምናያቸው የኤሌክትሪክ መኪኖችም ቢሆኑ ከዚህ ምሰሶ አላመለጡም። ፎልክስዋገን አይዲ 4 ፊቱ ላይ ይህንኑ ይዟል፤ ባትሪው ስለሚከብድ ሞላው የሚሸከመው ጭነት ከቪትዝ እጅግ ይበልጣል።

አንድ ነገር ልብ ይባል። በዚህ መስመር የሚሠራ መካኒክ እጁን የሚያፍታታው በጭነት መኪናና በሚኒባስ ላይ ነው። በመንገዳችን ላይ የምናውቀው ዶልፊን ኋላው ባሌስትራ ነው፤ ፊቱ ደግሞ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ እንጂ ጥምዝ ሞላ የለውም፤ አሞርዛተሩም ለብቻው ስለሚታሰር ለብቻው ይፈታል። አይሱዙም ባሌስትራ ነው። ለዓመታት የሚኒባስ አሞርዛተር ሲቀይር የኖረ ጎበዝ ባለሙያ ከሞላ ጋር ትግል ሳይገጥመው ሊኖር ይችላል። ያንን ልምድ ይዞ ወደ ኮሮላ ሲሻገር ነው አደጋው።

ጉልበቱን በቁጥር እንየው። 1 ሚሊሜትር ለማመቅ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት የሚፈልግ ሞላ እንውሰድ፤ ለትንሽ መኪና ፊት እንግዳ ቁጥር አይደለም። ይህ ሞላ 20 ሴንቲሜትር ሲታመቅ በ500 ኪሎ ግራም ኃይል ይገፋል ማለት ነው፤ 5 ኩንታል። በውስጡ ያጠራቀመው ጉልበት ደግሞ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ልዩነቱ ጆንያው ወዴት እንደሚወድቅ ይታወቃል፤ ሞላው ግን በአንድ ቅጽበት፣ ባልታሰበ አቅጣጫ፣ ጠንካራ ብረት ይዞ ይፈናጠራል። መኪናው ተነስቶ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠልም ሞላው ሙሉ በሙሉ አይላላም። ምሰሶው ውስጥ እንደታመቀ ይቆያል፤ መኪናቸውን ከፍ ለማድረግ ሞላው ሥር ስፔሰር ያስገቡ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ግፊቱ ይብሳል።

አሞርዛተሩ መቀየር እንዳለበት የሚነግረው ምልክት ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው። አሞርዛተሩ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ ይዞ ይጠቁራል፤ ፍሬን ሲያዝ የመኪናው አፍንጫ ይደፋል፤ ጎማው በየቦታው እየጎደጎደ ይበላል። አንዱ ጎን ብቻ ቢያፈስም የሚቀየረው ጥንድ ነው፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ መኪናው በፍሬንና በመታጠፊያ ላይ ሚዛን ያጣል። መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ የሚሄድ ሰው ያገለገለ ምሰሶ ከነሞላው ሊያገኝ ይችላል። ሞላ ማመቅን ስለሚያስቀር ያጓጓል። ያገለገለ አሞርዛተር ግን ዕድሜው ምን ያህል እንደቀረ በዓይን አይለይም። ከነሞላውና ከነኩሽኔታው አዲስ ተገጣጥሞ የሚሸጥ ከተገኘ ግን፣ ውድ ቢሆንም፣ ቤቱ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። በክረምት የሾኔ ግቢ አፈሩ ርሶ ክሪክ ይውጣል፤ ስለዚህ ሲሚንቶ ወለል ወይም ክሪኩ ሥር የሚደረግ ወፍራም ጣውላ ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ የኋላ ጎማዎች ታኮ ይገባላቸዋል፣ የጎማው ዳዶዎች መኪናው ሳይነሳ ላላ ይደረጋሉ። መኪናው ከተነሳ በኋላ በካቫሌቶ ላይ ይቀመጣል። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ድንጋይና ብሎኬት ደራርቦ መኪና ማቆም የለመድነው ነገር ነው፤ ብሎኬት ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

ጎማው ከወለቀ በኋላ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ከምሰሶው ላይ ይላቀቃሉ፣ የስታቢላይዘሩ ማያያዣ ይፈታል፣ ከታች ሞዞውን የያዙት ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች ይወጣሉ። ቡሎኖቹ የነበሩበትን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ በኋላ የጎማ አቅጣጫ ለማስተካከል ይረዳል። ሞዞው በገመድ ይታሰር፤ በፍሬን ቱቦው ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ኮፈኑ ሲከፈት የምሰሶው አናት ይታያል። በኮሮላና በመሰሎቹ ላይ ሦስት ትንንሽ ዳዶዎች ክብ ሠርተው፣ መሃላቸው ላይ አንድ ትልቅ ዳዶ፣ አንዳንዴም በላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ፣ ይቀመጣል። ሦስቱ የያዙት ምሰሶውን ከመኪናው ጋር ነው። መሃለኛው የያዘው ሞላውን ነው። ምሰሶውን ለማውረድ የሚፈቱት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ያኔም አንድ ሰው ከታች ምሰሶውን ይዞ። መሃለኛውን ዳዶ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታመቅ የፈታ ሰው ያንን ሁሉ የተጠራቀመ ጉልበት ፊቱ ላይ ለቀቀው። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ሦስቱ የሉም፤ ከመኪናው ጋር የሚያስረውና ሞላውን የሚይዘው ዳዶ መሃል ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። የመኪናው መመሪያ ወይም ያንኑ ሞዴል ፈትቶ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ እነዚያ አይነኩም።

የሞላ መጭመቂያው ሁለት ረጃጅም ጥርስ ያላቸው ዘንጎች ሲሆን በየጫፋቸው ሞላውን የሚነክሱ ጥፍሮች አሉ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥፍሩ የተሰነጠቀ፣ የታጠፈ ወይም የተበየደ መሆኑ፣ የዘንጉ ጥርስም መበላቱ ይታይ። እንደዚያ ከሆነ ይጣል። ጥርሱ ግራሶ ይቀባ። ዘንጎቹ በሞላው ላይ ፊት ለፊት፣ አንዱ በአንደኛው ጎን ሌላው በተቃራኒው፣ ይቀመጣሉ፤ ጥፍሮቹ የቻሉትን ያህል ብዙ የሞላ ዙር ያቅፉ፤ እንዳይንሸራተቱ የሚያደርግ ፒን ካላቸው ፒኑ ይግባ። ከዚያ በእጅ ቁልፍ አንዱን ሁለት ሦስት ዙር፣ ወዲያው ሌላውን ያንኑ ያህል፣ እየተፈራረቁ ማጥበቅ ነው። አንዱ ብቻውን ከቀደመ ሞላው ወደ ጎን ይጎብጣል፣ ጥፍሩም ይንሸራተታል። የአየር ወይም የኤሌክትሪክ መፍቻ እዚህ ቦታ የለውም፤ ጥርሱን ያሞቃል፣ ይበላል፣ እጅም ሊሰማው የሚገባውን ውጥረት ይደብቃል።

ምሰሶው መሬት ላይ ወይም ሞርሳ ላይ ሲያዝ ጫፎቹ ሰው ወደሌለበት ግድግዳ ይመልከቱ። ጭንቅላት በሞላው ጫፍ ትይዩ አይሁን። የሰፈር ልጆች እንዲህ ያለ ሥራ ከበው ማየት ይወዳሉ፤ ግቢው ይዘጋ። ሞላውን በሽቦ ወይም በገመድ ጠፍሮ መፍታት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። አሥር ጊዜ ሊሠራላቸው ይችላል፤ ሽቦው በአሥራ አንደኛው ቢበጠስ ግን 5 ኩንታል ግፊትን የሚመልስ እጅ የለም።

በቂ የታመቀ ሞላ ከላይኛው መቀመጫው ይላቀቃል፤ በእጅ ሲነካ ይነቃነቃል። ያ ምልክት ካልታየ መሃለኛው ዳዶ አይነካም። ከታየ ደግሞ የአሞርዛተሩ ዘንግ በብሩጎላ ተይዞ ዳዶው ይፈታል። ዘንጉን በፒንሳ መያዝ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተጫረ ዘንግ የአሞርዛተሩን ጎሚኒ ቀዶ ዘይቱን ያፈስሳል።

አዲሱ አሞርዛተር ከመታሰሩ በፊት ቆሞ ጥቂት ጊዜ በእጅ ይታመቅና ይለቀቅ፤ ዘይቱ ውስጥ የገባ አየር ካለ ይወጣል። የላስቲክ መከላከያውና የአናቱ ኩሽኔታ አሮጌ ከሆኑ አብረው ይቀየሩ፤ ለእነሱ ሲባል በድጋሚ ሞላ ማመቅ ከንቱ ድካም ነው። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ካለው እርከን ጋር ይግጠም። መሃለኛው ዳዶ ሙሉ በሙሉ ከታሰረ በኋላ ብቻ መጭመቂያው፣ እንደቅድሙ እየተፈራረቀ፣ ይላላል። ለመፍታት የተደረገው ጥንቃቄ ለመግጠምም ያው ነው። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ቡሎኖቹ በቶርክ ቁልፍ መመሪያው በሚለው ልክ ይጠበቁ። የፍሬን ቱቦው በቦታው መታሰሩ ይታይ። መኪናው ወርዶ ጥቂት ከሄደ በኋላ የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል ግዴታ ነው፤ የማስተካከያው መሣሪያ እስካለበት ከተማ ድረስ መሄድ ቢያስፈልግ እንኳ። ያለዚያ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት ይበላል።

በዚህ አካባቢ መለዋወጫ ብዙ ጊዜ በዘመድ በኩል ይመጣል። ከጆሃንስበርግም ሆነ ከአዲስ አበባ ለወንድማችሁ አሞርዛተር የምትልኩ ሁሉ፣ በዚያው ካርቶን ውስጥ ደህና የሞላ መጭመቂያ ጨምሩበት። ለአንድ ሰፈር አንድ ይበቃል፤ በውሰት ይዞራል። መጭመቂያ ያላገኘ ሰው ደግሞ ምሰሶውን ሦስቱን ዳዶ ፈትቶ ያውርድ፣ ከነሞላው ተሸክሞ ግድግዳ ላይ የታሰረ ማመቂያ ወዳለው ጋራዥ ይውሰድና እዚያ አስቀይሮ ይመለስ። ሌላውን ሁሉ ቤቱ ሊሠራው ይችላል።