ኮተቱን አውጥቶ፣ ብርዱን ሸሽቶ

በዲሴምበር ማብቂያ ላይ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወጥታ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ጎህ ሳይቀድ ሥራ የገባ ሰው ሲወጣ ጨልሞ ያገኘዋል። በዚያው ቀን አዲስ አበባ 11 ሰዓት ተኩል ያህል የቀን ብርሃን አላት። የሰውነታችን ሰዓት የሚስተካከለው በተለይ በጠዋት ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ሲያንስ እንቅልፍ ይዛባል፣ ድካም ይጫጫናል፣ አፍ ጣፋጭ ጣፋጩን ይላል። የአእምሮ ሐኪሙ ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ከወቅት ጋር እየተመላለሰ የሚመጣውን ድባቴ በ1984 ራሱን የቻለ ሕመም አድርገው ገልጸውታል። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ቫይታሚን ዲ ለማምረት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ፀሐይ ይፈልጋል፤ የሚኒሶታ የጃንዋሪ ፀሐይ እንኳን ለእኛ ለነጮቹም አትበቃም።

እንግዲህ በብርድ ወራት ሙቀት ፍለጋ መሄድ የሚያምረው ሰው አልቀበጠም። ጣጣው ሲመለስ ነው። ስለ እረፍት ጉዞ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ የተገኘው ደስታ ሥራ በተጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይተናል። ስለዚህ በሩን ከፍተን የምንገባበት ቤት ከባሕሩ ዳርቻ ይልቅ ክብደት አለው። በ2010 የታተመ አንድ የሎስ አንጀለስ ጥናት፣ ቤታቸው በዕቃ እንደተዝረከረከ የተናገሩ ሚስቶች ላይ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን በቀኑ ውስጥ እንደሚገባው እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ባሎቹ ላይ ይህ ብዙም አልታየም። ምክንያቱን ለመገመት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ኮተት ከየት መጣ? አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ ለመከማቸት ፋታ አያገኝም። «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ከበር ሲሰማ ባዶው ጠርሙስ፣ የተበሳው ድስት፣ ያረጀው ጫማ ዋጋ ይወጣላቸዋል። ልዋጩ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ ይሰጣል። የተረፈውን ዘመድ ይወስደዋል። አሜሪካ ግን ቁራሌው በር አያንኳኳም። ዕቃ መግዛት ስልክ ነካ ማድረግ ነው፤ ማስወጣት ግን መኪና መጫን፣ ሰዓት መፈለግ፣ የሚቀበል ቦታ ማጣራት ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉም ወደ ቤዝመንት ይወርዳል።

በእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ሰበብ ይጨመርበታል፤ «ለአገር ቤት ይሆናል።» ካርቶኑ ሲከፈት ከላይ ልጁ በሦስት ዓመቱ የለበሰው የስኖው ጃኬት አለ፤ ልጁ አሁን ሃይስኩል ነው። ከሥሩ ቻርጀሩ የጠፋ ላፕቶፕ፣ አንድ እጅ ጓንት፣ ሳይፈታ የቀረ የሠርግ ስጦታ። የአዲስ አበባ ዘመድ ለሚኒሶታ በረዶ የተሠራ ጃኬት ምን ያደርግለታል? ሳልባጅ ተራው እዚያው ሞልቷል። ሰው የያዘውን ዕቃ ከዋጋው በላይ እንደሚገምት ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ክኔችና ሪቻርድ ቴለር በ1990 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ማግ የተሰጣቸው ሰዎች ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ፣ ማግ ያልተሰጣቸው ለመግዛት ካቀረቡት እጥፍ ያህል ነበር። ማጉን የያዙት ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ካርቶኑን ዓመታት ይዘነዋል።

እኔ የምመክረው ጽዳቱን ከትኬቱ ጋር ማያያዝ ነው። «አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ» የተባለ ቤዝመንት አይስተካከልም፤ የበረራ ቀን ግን አይራዘምም። ለአገር ቤት የተባለውን በሙሉ በአንድ ሻንጣ ሞክሩት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ ሲነሱ ለኢኮኖሚ መንገደኛ የሚፈቅደው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው፤ በዚያ ኪሎ ላይ ቦታ የማትሰጡት ዕቃ አይላክም ማለት ነው። ካፖርትና ቡት አሁኑኑ፣ በብርዱ፣ ለሳልቬሽን አርሚ ወይም ለመጠለያ ስጡ፤ ኤፕሪል ላይ የሚፈልገው የለም። አሮጌ ባትሪ፣ የቀለም ትራፊና የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣልም፤ የሚኒያፖሊሱ ሄኔፒን ካውንቲ ብሩክሊን ፓርክና ብሉሚንግተን ላይ መቀበያ ቦታዎች አሉት።

ወዴት ይኬድ ለሚለው፣ ካንኩን በጃንዋሪ በአማካይ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ናት፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በኢትዮጵያ ፓስፖርት ሜክሲኮ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ፖርቶ ሪኮ የአሜሪካ ግዛት ስለሆነች በረራው የአገር ውስጥ ነው፤ ሲመለሱ ግን ሻንጣው ለእርሻ ምርት ይፈተሻል፣ ማንጎ ማምጣትም አይቻልም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ከሁለቱም ትቀርባለች፤ ነገር ግን 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች የጥር ሌሊቷ ሹራብ ያስለብሳል። ሙቀት ፍለጋ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ጋምቤላ የሚወርድ ሰው የወባ መከላከያ መድኃኒት ከሐኪም ይውሰድ፤ ልጅ ሳሉ ወባ ይዟቸው የዳኑ ሰዎች የነበራቸው መከላከያ በስደት ዓመታት ይሟሟል። ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል፤ ክሬሙን አትናቁት።

ከመውጣታችሁ በፊት የቤቱን ማሞቂያ አታጥፉ። ቴርሞስታቱ ከ55 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከወረደ ቧንቧ ሊቀዘቅዝና ሊፈነዳ ይችላል፤ ማሞቂያው ጠፍቶ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ ብዙ ኢንሹራንሶች አይከፍሉም። ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዝጉ፤ ከዚያ ቧንቧ ከፍታችሁ የቀረውን ውኃ አፍስሱት። መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ ቧንቧው ከመንገድ በሚገባበት ግድግዳ ላይ ነው፤ ካርቶኖቹ ካልተነሱ እጅ አያስገባም።