የወንድ ልብስ የለበሱ ሁለት ሴቶች

በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ የልብ ወለድ ጉዳይ ነው። ልብ ወለድን የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በሸንጎም ሆነ በጽሕፈት ቤት በግልጽ ሊነጋገርበት ያልደፈረውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ተረት ነጋሪው ነው። ከእነዚህም ጥያቄዎች አንዱ «ሴት ምን ለመሥራት ትችላለች? ወንድስ ምን መሆን ይገባዋል?» የሚለው ነው። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ደራስያን ይህን ለመጠየቅ አንድ ዘዴ ተጠቅመዋል፤ ይኸውም ሴቲቱን የወንድ ልብስ አልብሶ ወደ ዓለም መላክ ነው። እኛም ዛሬ ከእነዚህ ሴቶች ሁለቱን፣ የአገራችንን ጦቢያንና ከጃፓን ብዕር የተወለደችውን ኦስካርን፣ ጎን ለጎን አቁመን እንመለከታለን።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በዘጌ ተወልደው በኢጣልያ አገር የተማሩ፣ በኋላም በናፖሊ ከተማ አማርኛን ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባል ነበር፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እያለ ጠራው። በአማርኛ ቋንቋ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ይህ ነው። ዛሬ የዚህ ዐይነቱን ድርሰት ሁሉ «ልብ ወለድ» ብለን መጥራታችን ራሱ ያንን መጽሐፍ ያስታውሰናል።

ታሪኩ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ በጦርነት ድል ሆኖ በምርኮ ይወድቃል። አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። የጦር አለቃውም ዋሕድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት። ዋሕድ የአባቱን ውለታ ለመክፈል ከቤቱ ይወጣል፤ ነገር ግን ራሱ በባርነት እጅ ይወድቃል። በዚህን ጊዜ አባትየው የጠፋውን ልጁን ፍለጋ ሲነሣ ጦቢያ አብራው ትሄዳለች፤ የምትሄደውም እንደ ሴት ልጅ አይደለም፤ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ነው።

ይህ ዘዴ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አልነበረም። በስንክሳር ውስጥ ታሪኳ የሚነበበው ቅድስት መሪና አባቷ ሲመንን የወንድ ልብስ ለብሳ ከእርሱ ጋራ ወደ ገዳም የገባች ሴት ናት። ከዚያም የሰው ልጅ አስረግዘሃል ተብላ በሐሰት ብትከሰስ፣ ሴት መሆኗን ገልጻ ራሷን ከማዳን ይልቅ ቅጣቱን ተቀብላ ሕፃኑን አሳደገች። ምስጢሩም የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው ይላል ታሪኩ። እንግዲህ የነጋድራስ አፈ ወርቅ አንባቢ ጦቢያን ባገኛት ጊዜ፣ የወንድ ልብስ የለበሰች ሴት ቀላጅ ወይም አታላይ ልትሆን እንደማትችል አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ስሟም ቢሆን የሚያስተውሉት ነው። አንደኛ፣ ሕዝቡ በአነጋገሩ ኢትዮጵያን አሳጥሮ «ጦቢያ» ይላታል። ሁለተኛ፣ በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያ የሚባለው ወንድ ልጅ ነው፤ እርሱም የአባቱን ገንዘብ ለመቀበል ረጅም መንገድ የሄደ ልጅ ነው። የእኛዋ ጦቢያም በአባቷ ዕዳ ምክንያት መንገድ የወጣች ልጅ ናት። እንደዚህ ሆኖ ስሟ ገና ከመነሻው የወንድንም የሴትንም፣ የአንዲት ልጅንም የአንዲት አገርንም ትርጉም ተሸክሟል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ጦቢያን የወንድ ልብስ ያለበሳት ማን ነው? እርግጥ ደራሲው ነው እንላለን። ነገር ግን ደራሲው ይህን ያደረገው መንገዱ እንዲህ ያለ ስለ ነበረ ነው። ሽፍታና የባሪያ ነጋዴ በሚመላለስበት ጎዳና አንዲት ልጃገረድ በገዛ መልኳ ልታልፍ አትችልም። ስለዚህ ልብሱ የልጅቱ ምኞት ሳይሆን የዘመኑ ቀረጥ ነበር ለማለት ይቻላል። ወንድሟ ዋሕድ ከቤቱ ሲወጣ ራሱን መሰወር አላስፈለገውም፤ እርሷ ግን ያንኑ በር ለማለፍ ማንነቷን ደጃፍ ላይ ማስያዝ ነበረባት።

ይሁን እንጂ የታሪኩ ቁም ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ጦቢያ ሴት መሆኗ ተገልጦ አረማዊው ንጉሥ ሊያገባት በወደደ ጊዜ፣ ሃይማኖቴን ካልተቀበልህ አይሆንም ብላ ትጸናለች። ንጉሡም ክርስትናን ይቀበላል፤ የተበታተነውም ቤተ ሰብ ይገናኛል። ልብ ብለን ብናስተውል፣ አባቷ ሠራዊት አሰልፎ በጦር ሜዳ ያላገኘውን ድል ልጅቱ በአንድ ቃል አገኘችው። ይህንንም ያደረገችው የወንድ ልብስ ለብሳ ሳለች አይደለም፤ አውልቃ በገዛ ስሟ ከቆመች በኋላ ነው። ልብሱ መንገዱን አሳለፋት፤ ኀይሏ ግን ከልብሱ የመጣ አልነበረም። የጦቢያ ዕድገት ይህ ነው። ሆኖም የመጽሐፉ መጨረሻ ጋብቻ ስለ ሆነ፣ ያች ብዙ አገር ያየች ልጅ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምትሠራ ደራሲው ቦታ አልሰጠውም። በ1900 ዓ.ም. የተጻፈ መጽሐፍ እስከዚያ ድረስ መሄዱ ራሱ ብዙ ነው።

በመጽሐፍ እንዲህ ሲሆን በመድረክ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ከአራት ኪሎ ብዙ ሳንርቅ፣ እዚሁ አራዳ ውስጥ የምናገኘው የሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢጣልያ ወረራ ባሰጋበት ወራት ሕዝቡን በንግግር፣ በዘፈንና በቴአትር ለማነቃቃት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ቦታ ይዘው በመድረክ ላይ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ናቸው። ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት ቆማ መጫወቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ ወንዱ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ ይቀርብ ነበር። ሴት የወንድ ልብስ የምትለብሰው መንገድ ስለ ተከለከለች እንደ ሆነ ሁሉ፣ ወንድ የሴት ልብስ የለበሰውም ሴቲቱ መድረክ ስለ ተከለከለች ነው። የሁለቱም ልብስ ሰፊ አንድ ነው።

ይህን ልማድ የሰበረው ዐዋጅ አልነበረም። በ1940ዎቹ ዓመታት ሰላማዊት ገብረ ሥላሴንና አስናቀች ወርቁን የመሳሰሉ ሴቶች በገዛ መልካቸውና በገዛ ድምፃቸው መድረክ ላይ ወጡ። ወይዘሮ አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መስከረም ወር እስካረፉ ድረስ በክራራቸውና በትወናቸው የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። ዛሬ የምናከብረው ሙያ ያን ጊዜ በሐሜት የሚከፈል ሙያ እንደ ነበረ መርሳት አይገባንም።

አሁን ደግሞ ወደ ጃፓን እንሻገር፤ በዚያም አገር ተመሳሳይ ነገር ደርሷልና። ካቡኪ የሚባለውን የጃፓን ቴአትር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1603 የጀመረችው ኦኩኒ የምትባል ሴት ናት፤ እርሷም የወንድ ልብስ ለብሳ ትጫወት ነበር። በ1629 ግን መንግሥቱ ሴቶችን ከመድረክ ከለከለ፤ ከዚያ ወዲህ የካቡኪን የሴት ቦታ ወንዶች ያዙት። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1914 ታካራዙካ በምትባል ከተማ ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበት ቡድን መድረክ ላይ ወጣ፤ በዚያም የወንዱን ቦታ የሚይዙት ሴቶች ናቸው።

በዚያች ከተማ ያደገው ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ በ1953 «የሪባን ፈረሰኛ» የሚባል ማንጋ ማሳተም ጀመረ። ማንጋ ማለት በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተረክ የጃፓን ድርሰት ነው። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በጨርቅ ላይ በአርባ አራት ክፍል ተሥሎ ያየ ኢትዮጵያዊ፣ በሥዕል ታሪክ መከተል ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ብዙ አያስቸግረውም። በቴዙካ ድርሰት ውስጥ ልዕልት ሳፋየር የወንድና የሴት ሁለት ልብ ይዛ ትወለዳለች። በአገሯ ሕግ ዙፋን የሚወርሰው ወንድ ብቻ ስለ ሆነ እንደ ልዑል ሆና ታድጋለች። እዚህም ልብሱን የሰፋው ሕጉ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የታወቀችው ግን ሪዮኮ ኢኬዳ የምትባለው ደራሲት ከ1972 እስከ 1973 «ማርጋሬት» በሚባለው ሳምንታዊ የልጃገረዶች መጽሔት ላይ ባወጣችው «የቬርሳይ ጽጌረዳ» ውስጥ ያለችው ኦስካር ናት። ታሪኩ በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የሚፈጸም ነው። ወንድ ልጅ ያላገኘ አንድ ጄኔራል የመጨረሻዋን ሴት ልጁን የወንድ ስም ሰጥቶ፣ ሰይፍ አስታጥቆ፣ እንደ ወንድ ያሳድጋታል። ኦስካርም የንግሥት ማሪ አንቷኔት የክብር ዘበኛ አዛዥ ትሆናለች። የጦቢያ ምስጢር በመሰወር የቆመ ሲሆን፣ የኦስካር ግን ግልጽ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ሴት መሆኗን ያውቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ትታወቅ ይሆን?» መሆኑ ቀርቶ «ይህች ሰው በራሷ ዘንድ ማን ናት?» የሚለው ይሆናል።

የኦስካር ባሕርይ የሚያድገው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። መጀመሪያ የአባቷን ትእዛዝ የምትፈጽም ወታደር ናት። ከዚያም የሕዝቡን ረኀብ በዐይኗ ስታይ፣ በወርቅ ካጌጠው የክብር ዘበኛ ወጥታ ድሆች ወታደሮች ወዳሉበት ጦር ትዛወራለች። አባቷ ተጸጽቶ ሊድራት በፈለገ ጊዜ እምቢ ትላለች። አስተዳደጓን አትረግምም፤ ነገር ግን ሌላ ሰው የመረጠላትን ሕይወት ተቀብላ የራሷ ታደርገዋለች። በመጨረሻም ሐምሌ 14 ቀን 1789 በባስቲል ምሽግ ፊት በሕዝቡ ወገን ቆማ ትሞታለች። ልብሷ በመጀመሪያም በመጨረሻም የወታደር ልብስ ነው፤ የተለወጠው የምታገለግለው ነገር ነው። ይህ ድርሰት በ1974 በታካራዙካ መድረክ ላይ ቀርቦ በጃፓን ሕዝብ ዘንድ እጅግ ተወደደ።

የዘመናችን ሊቃውንት ሁለት ነገሮችን ለይተው ይናገራሉ። አንዱ ሰው ይዞት የሚወለደው ጾታ ነው። ሁለተኛው «ሥርዓተ ጾታ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም ማኅበረ ሰቡ ለወንድ ይህ ይገባል፣ ለሴት ያ ይገባል እያለ ከልጅነት ጀምሮ የሚያለብሰው ልማድ ነው። ከዚህም ጋራ እያንዳንዱ ሰው ራሱን በልቡ የሚያውቅበት መንገድ አለ፤ ይህም ከውጭ በሚታየው ልብስ ብቻ የሚለካ አይደለም። ጦቢያም ኦስካርም የሚያስተምሩን በዚህ ላይ ነው። ጦቢያ ልብሱን አውልቃ ራሷን አገኘች፤ ኦስካር ለብሳው ሳለች ራሷን አገኘች። መንገዳቸው ይለያያል፤ ሁለቱም ግን ያደጉት ሌላው የሰጣቸውን ቦታ ትተው በራሳቸው ፈቃድ ቃል በተናገሩበት ሰዓት ነው።

አንባቢ ሆይ! ይህ ሁሉ ለመንግሥት ሠራተኛ ምኑ ነው ትል ይሆናል። መልሱ እዚሁ አራት ኪሎ ነው። በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሕዝብ ተመርጠው ወደ ፓርላማው የገቡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። በጠላት ዘመን ታግለውና በኢጣልያ ታስረው የተመለሱ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትንም ያስተዳደሩ ሴት ነበሩ፤ ወደ ምክር ቤቱ የገቡትም በገዛ ስማቸው ነው። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተ ሰቡ አለቃ ባል ነው ይል ነበር። ባልና ሚስትን እኩል ያደረገው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ አርባ ዓመት አለ።

ሕጉ ተሻሽሏል፤ አነጋገራችን ግን ገና ነው። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት ባልደረባ ከባድ ሥራ በድፍረት ስትወጣ «እሷማ ወንድ ናት!» ብለን እናመሰግናታለን። ልቡ የራራውን ሰው ደግሞ «ሴታ ሴት» ብለን እናሳፍረዋለን። ሳናስበው በመጀመሪያው ቃላችን ለሴቲቱ የጦቢያን የመንገድ ልብስ አለበስናት፤ በሁለተኛውም ርኅራኄን ከወንድ ላይ ገፈፍን። ምስጋናችን እንኳ ቀረጥ ያስከፍላል ማለት ነው። ጀግንነቷ የራሷ ሆኖ ሳለ በሌላ ስም ለምን ይመዘገባል? የፋይሉን ስም ተሳስቶ የጻፈ ጸሓፊ እንደሚጠየቅ፣ የሰውን ሥራ በሌላ ስም የሚመዘግብ አንደበትም ሊጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ነገ ጧት አንዲት ባልደረባችሁ የሚያስመሰግን ሥራ ሠርታ ብታገኟት ቃሉን ከአፋችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ጥቂት አስቡ፤ ከዚያም በስሟ ጠርታችሁ አመስግኗት። ጊዜ ስታገኙም «ጦቢያ»ን አንሥታችሁ አንብቡ። መቶ ዓመት ያለፈው ይህ ትንሽ መጽሐፍ ዛሬም የሚያነጋግር ነው፤ ከልጆቻችሁም ጋራ ብታነቡት፣ ያች ልጅ መንገዱን ለማለፍ ለምን ልብስ መለወጥ እንዳስፈለጋት እነርሱ ራሳቸው ይጠይቋችኋል። መልሱን ለማዘጋጀት ጊዜው አሁን ነው።