ድመት ባለችበት ቤት የትኛው አበባ ይኑር?

ድመት የቤት ረዳታችን ናት። እህላችንን ከአይጥ ትጠብቃለች። አበባ ደግሞ ቤታችንን ያሳምራል። ታዲያ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር እንችላለን? እንችላለን። ነገር ግን የምናስገባውን አበባ ለይተን ማወቅ አለብን።

ድመት ሥጋ በል ብትሆንም ቅጠል መቀርጠፍ ትወዳለች። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፣ ብንቆጣትም ልማዷን አትተውም። ደግሞም ጠጉሯን በምላሷ እየላሰች ታጸዳለች። ስለዚህ በላይዋ የረገፈ ነገር ሁሉ ወደ ሆዷ ይገባል። ጉበቷም አንዳንድ መርዞችን የማምከን ኃይሉ ደካማ ነው።

ኦርኪድን እንመልከት። በየቤቱ በብዛት የሚገኘው፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ አበባው ቢራቢሮ የሚመስለው ኦርኪድ ለድመት መርዝ አይደለም። ብዙ ቅጠል ከበላች ሊያስመልሳት ይችላል፤ ግን አይገድላትም። በደቡብ ምዕራብ አገራችን ደኖች ውስጥ የኦርኪድ ዘሮች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቀው ይበቅላሉ። በቤት ውስጥም ብዙውን ጊዜ የሚተከለው በአፈር ሳይሆን በዛፍ ቅርፊት ነው። ቅርፊት በቂ ምግብ ስለሌለው ማዳበሪያ በውኃ በጥብጠን እናጠጣዋለን። እንግዲህ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ድመቷ ከሥር የተጠራቀመውን ውኃ እንዳትጠጣ እንድፋው። የተባይ መድኃኒትም አንርጭበት።

ሊሊ የሚባለው አበባ ግን ሌላ ነው። ስድስት ቅጠል ያለው፣ እንደ መለከት የተከፈተ ትልቅ አበባ ነው። ለሠርግና ለበዓል በእቅፍ ይመጣል። ቅጠሉ፣ አበባው፣ ዱቄቱ፣ የተቀመጠበት ውኃ እንኳ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት ያበላሻል። ውሻ ቢበላው ሆዱን ያመዋል እንጂ ኩላሊቱ እንደ ድመት አይጎዳም። ስለዚህ «ውሻችን በልቶት ምንም አልሆነም» ብለን አንዘናጋ።

ሊሊ የበላች ድመት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ታስመልሳለች፤ ምግብም ትተዋለች። ከዚያ የተሻላት ትመስላለች። ይህ ያታልላል። ኩላሊቷ ግን እየሞተ ነው። ሳትታከም ከቀረች ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ትሞታለች። በ18 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ካገኘች ግን የመዳን ተስፋዋ ሰፊ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እስኪታይ አንጠብቅ። ወዲያው የአበባውን ቁራጭ ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰዳት። ለማስመለስ ብለን ጨው ወይም ዘይት ማጠጣት ጉዳቱን ያብሳል።

በግቢያችን ያሉትንም አንርሳ። እሬት ድመትን ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ያቃጥላል። የጉሎ ፍሬ ታኝኮ ከተዋጠ ድመትን ብቻ ሳይሆን ልጆቻችንንም ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ አበባ ስንገዛ ወይም በስጦታ ስንቀበል አስቀድመን ስሙን እንጠይቅ። ኦርኪድ ከሆነ እናስቀምጠው። ሊሊ ከሆነ፣ ድመት ወዳለችበት ቤት አናስገባው። ከፍ አድርጎ መስቀል አይበቃም፤ ድመት ትዘላለች፣ ዱቄቱም ይረግፋል።

ጥያቄ
1. ከኦርኪዱ ይልቅ ለድመት የሚያሰጋው ምንድን ነው?
2. ሊሊ የበላች ድመት የተሻላት ስትመስል ለምን መዘናጋት የለብንም?
3. በግቢያችሁ ካሉት ተክሎች መርዝ ያላቸው የትኞቹ ናቸው?