ላሟ በሌሊት ስትጮህ ምን እያለች ነው?

ሌሊት በበረት ያለች ላም ደጋግማ ስትጮህ የሚሰማ ገበሬ «ጅብ ሸቷት ይሆናል» ብሎ ተገላብጦ መተኛቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ጩኸቱ ላሟ ኮርማ የምትጠራበት ሊሆን ይችላል። ይህ ጥሪ ሳይሰማ ሲታለፍ የሚጎዳው የቤተሰቡ ወተት ነው።

በብዙ እንስሳት ዘንድ ተጓዳኙን በድምፅ የሚጠራው ወንዱ ነው። በክረምት መግቢያ በየኩሬው የሚንጫጫው እንቁራሪትና በሣር ውስጥ ክንፉን እያፋተገ የሚጮኸው ፌንጣ ሴቷን በመጥራት ላይ ናቸው። በከብት በኩል ግን ጥሪው ከሁለቱም ወገን ነው። ኮርማው መሬት እየቧጠጠ ያገሣል፤ ላሟም ኮርማ በምትፈልግበት፣ ማለትም በድራት ጊዜ፣ ከወትሮው ይበልጥ ትጮኻለች። ኮርማው ከቀረባት በኋላ ሽንቷን አሽትቶ የላይኛውን ከንፈሩን በመቀልበስ ሁኔታዋን ያረጋግጣል።

ላም ካላረገዘች በየ21 ቀኑ ገደማ ትደራለች። ሻኛ ያላቸው የአገራችን ላሞች ድራት አጭር ሲሆን፣ በአማካይ ከ10 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ብዙ ጊዜም በሌሊት ስለሚሆን ገበሬው ሳያየው ያልፋል።

ጉዳቱን በቁጥር እንመልከት። የእርግዝና ጊዜ 280 ቀን ያህል ነው። ላም በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ ከወለደች በኋላ በ85 ቀን ውስጥ ማርገዝ ይኖርባታል። አንድ ድራት ሲታለፍ መውለጃዋ በ21 ቀን ይዘገያል። በቀን 2 ሊትር የምትታለብ ላም ብትሆን 42 ሊትር ወተት ቀረ ማለት ነው።

እርግጥ ላም የምትጮኸው ለኮርማ ብቻ አይደለም። ሲርባት፣ ሲጠማት ወይም ከጥጃዋ ስትለይም ትጮኻለች። ስለሆነም ጩኸቱን የሰማ ገበሬ ተነሥቶ ሌሎቹን ምልክቶች መመልከት አለበት። ላሟ ትቅበጠበጣለች፤ መኖዋና ወተቷ ይቀንሳል፤ ከብልቷ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል። ዋናውና አስተማማኙ ምልክት ግን ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ መቆሟ ነው።

በሰው ሠራሽ ዘዴ ለሚያዳቅል ገበሬ ሰዓቱን ማወቅ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ዘዴው በአርሲ በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አማካይነት በ1960ዎቹ ዓ.ም. በገበሬው ዘንድ የተሞከረ ነው። ኮርማ ላሟን በድምፅና በሽታ ያገኛታል፤ አዳቃዩ ቴክኒሻን ግን የሚመጣው ገበሬው ሲጠራው ብቻ ነው። ደንቡም ቀላል ነው። ጠዋት ስትደራ የታየች ላም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ። አባላት ላሞቻቸውን ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲመለከቱ፣ የሌሊት ጩኸትንም ቸል እንዳይሉ ማሳሰብ ያስፈልጋል። እረኞች በግጦሽ ላይ ያዩትን ማታ እንዲናገሩ ማስለመድም ይጠቅማል። የታየበትን ቀን በደብተር ጽፎ 21 ቀን ወደፊት መቁጠር የሚቀጥለውን ድራት አስቀድሞ ያሳውቃል። በዚያ ቀን አካባቢ ላሟ ዳግመኛ ካልደራች ማርገዟን ተስፋ ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሌሊት ላሟ ስትጮህ ኩራዝ ይዞ ወደ በረት መውጣትን ነው።