ደንቡ ሲወጣ እኛ የት ነበርን?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ታክስና ስለ መዝገብ አያያዝ ነው። ዛሬ ግን ስለ ናፍጣ ጭስ ላጫውታችሁ። ምክንያቱም አንዳንድ ደንበኞቼን ከታክስ ይበልጥ የጎዳቸው እርሱ ነው፤ ለዚህም እኔ ራሴ ጥፋት አለብኝ።

ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር እያመላለሱ ልጆች ያሳደጉ አንድ ደንበኛ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ ደብዳቤ ይዘው ቢሮዬ መጡ። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ በ2007 ባጸደቀው ደንብ መሠረት፣ ከጃንዋሪ 2010 ጀምሮ ሞተሩ ከ1994 በፊት የተሠራ የጭነት መኪና ወደብ አይገባም፤ ከ1994 እስከ 2003 የተሠራውም የጭስ ማጣሪያ ካልተገጠመለት አይገባም። የእርሳቸው የ1998 ሞተር ነበር። ወይ ማጣሪያ ማስገጠም፣ ወይ መኪና መለወጥ ነበረባቸው። እኔም በውጭ አገር ተምሬ ያገኘሁት ዲግሪ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ገና ብዙም አልቆየ፤ ሒሳቡን አስልቼ «ማጣሪያው ያዋጣል» አልኳቸው።

ስሌቱ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት የደንቡን ሁለተኛ ክፍል ባለማንበቤ ነው። ከ2014 መግቢያ ጀምሮ የ2007 ደረጃ የሚያሟላ ሞተር የሌለው መኪና ሁሉ፣ ማጣሪያ ኖረውም አልኖረውም፣ ከወደቡ ሥራ እንደሚወጣ እዚያው ተጽፎ ነበር። ደንበኛዬ የማጣሪያውን ዕዳ ሳይጨርሱ የመኪና ዕዳ ገቡ። በ2013 የወደቡ ባለመኪናዎች ሥራ አቁመው ሰልፍ ሲወጡ እርሳቸውም ከመካከላቸው ነበሩ። አቤቱታቸው እውነት ነበር፤ ነገር ግን ደንቡ ከጸደቀ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው።

ደንቡ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ቦርዱ በ2008 ባወጣው ጥናት የዌስት ኦክላንድ ነዋሪ የሚተነፍሰው የናፍጣ ብናኝ ከቤይ ኤሪያ አማካይ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። የበርክሌይ ተመራማሪዎች ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ላይ የመኪኖቹን ጭስ ለክተው፣ ከ2009 እስከ 2013 የጥቀርሻው መጠን 76 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጠዋል። ልጁ በአስም የሚሰቃይበት ወላጅ ይህን ቀላል ነገር አይለውም። ሆኖም በዚያው የ2008 ጥናት ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም ሌላ ቁጥር ነበር። በሰፈሩ ላይ ከተደቀነው የናፍጣ አደጋ ውስጥ የወደቡ ሥራ፣ መርከቡም ክሬኑም ተጨምሮበት፣ ድርሻው 16 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ትልቁ ድርሻ የሌሎች ነው፤ በተለይም በአውራ ጎዳናው የሚያልፉ የጭነት መኪኖች። ይህን ገጽ ይዞ ቦርዱ ፊት በመቅረብ «ድርሻችን ይህን ያህል ነው፤ ጊዜና ድጎማ ጨምሩልን» ሲል ያየሁት ከእኛ ወገን አንድም ሰው የለም። እኔም ብሆን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው።

በሰፈሩ ግን ያነበቡ ሰዎች ነበሩ። ማርጋሬት ጎርደን የምትባል የዌስት ኦክላንድ ነዋሪ ከጎረቤቶቿና ከፓስፊክ ኢንስቲትዩት ጋር ሆና የአየሩን ጉዳይ ተከታተለች። ነዋሪዎቹ ራሳቸው በመንገድ ዳር ቆመው መኪና ቆጠሩ፤ ውጤቱም በ2003 በጥናት ታተመ። «ጭሱ በዛብን» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ስንት መኪና በየትኛው መንገድ እንዳለፈ ቆጥሮ የሚመጣን ሰው ግን ባለሥልጣን በቀላሉ አይሸኘውም። በ2007 በከንቲባ ሮን ዴለምስ ጊዜ የወደቡ የኮሚሽነሮች ቦርድ አባል ሆና እስከ 2012 አገለገለች። ሰፈሩን የሚያጨሰው ወደብ በሚተዳደርበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠች ማለት ነው። በ2019 የዌስት ኦክላንድ የአየር ዕቅድ ሲጸድቅም ነዋሪዎቹ ከአየር ጥራት መሥሪያ ቤቱ ጋር አብረው የጻፉት ነበር።

በንጹሕ ኃይል ሥራ መሪ መሆን ሲባል ብዙዎቻችን ከረባት ያሰረ መሐንዲስ ይታየናል። እኔ ግን እንዲህ ነው የማየው፤ ሃያ ዓመት መኪና ነድቶ አንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚያስኬድ፣ ወደቡ በር ላይ ሞተር እየሠራ ስንት ሰዓት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚለው ነገር አለው።

ጊዜው አሁን ነው። በኦክቶበር 2024 የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለኦክላንድ ወደብ በኤሌክትሪክ ለሚሠሩ መኪኖችና መሣሪያዎች 322 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። በሌላ በኩል የወደብ መኪኖች ሁሉ በ2035 ጭስ አልባ እንዲሆኑ የሚያስገድደውን የ2023 ደንብ ለማስከበር ክልሉ ከዋሽንግተን ጠይቆት የነበረውን ፈቃድ በጃንዋሪ 2025 ራሱ መልሶ ወስዷል። ለኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የታክስ ቅናሽ፣ የታክሲውም 7,500 ዶላር የከባዱም እስከ 40,000 ዶላር፣ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ መኪና ቀርቷል። ሻጭ አሁንም «ቅናሹን ታገኛላችሁ» ካላችሁ ሳትፈርሙ ደውሉልኝ። ድጎማ ስታገኙም በደስታ ብቻ አትፈርሙ፤ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ሊያስከፍል ይችላልና።

ለልጆቻችሁ ደግሞ ሌላ በር አለ። በሳን ሊያንድሮ የኤሌክትሪሺያኖች ማኅበር ቁጥር 595 ከ2013 ጀምሮ የሚያስተምርበት፣ የሚፈጀውን ኃይል ራሱ የሚያመነጭ ሕንፃ አለው። ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው፤ ልጁ የሚማረው ደሞዝ እየተከፈለው ነው። የባትሪ መሙያ የሚተክለውም፣ ቆይቶ ኮንትራክተር ሆኖ ሌሎችን የሚቀጥረውም ከዚያ የሚወጣ ነው። ልጄ ዶክተር ካልሆነ የምትሉ ወላጆች ትቆጡኝ ይሆናል።

የወደቡ ቦርድ ስብሰባ የሚካሄደው በጃክ ለንደን አደባባይ፣ 530 ዋተር ስትሪት ነው። በክልሉ ሕግ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት ለሕዝብ መለጠፍ አለበት፤ ማንም ሰው ገብቶ መናገር ይችላል፤ ዜግነት የሚጠይቅ የለም።

ያ ደንበኛዬ ባለፈው ወር አጀንዳውን አትመው ወደ ቢሮዬ መጡ። አንድ ገጽ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። ቡናም ሳይቀምሱ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «ልጄ፣ ዘንድሮስ ሁለተኛውን ክፍል አስቀድመህ አንብብልኝ» አሉኝ።