የእናትን መልክ በዘይት ቀለም

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ዓይንዎን ጨፍነው የእናትዎን መልክ ያስታውሱ። ከሁለቱ ቅንድቦቻቸው ከፍ የሚለው የትኛው ነው? የጉንጫቸው አጥንትስ ከዓይናቸው ምን ያህል ይርቃል? መልስ ካጡ አይደንግጡ፤ በየቀኑ የምናየውን ፊት በውል የምናውቅ ጥቂቶች ነን። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ይህን የተረዳችው እናቷ ካረፉ በኋላ፣ ከመታወቂያቸው ላይ በተገኘች ትንሽ ፎቶግራፍ እየተመራች መልካቸውን በዘይት ቀለም ለመሣል በተነሣች ጊዜ ነበር። የመጀመሪያውን ሥዕል ያየች ታናሽ እህቷ፣ «ቆንጆ ሴት ናት፤ ግን እማዬ አይደለችም» አለቻት።

ስሕተቱ ከወዴት መጣ? ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የምናያቸው ቅዱሳን ዓይኖቻቸው ትልልቅ፣ ዙሪያቸው በጥቁር መሥመር የተከበበ ነው። ይህ የራሱ ሕግና ክብር ያለው ጥበብ ነው። የአንድን ሰው መልክ ቁርጥ አድርጎ ለመሣል ግን ሌላ አተያይ ያስፈልጋል፤ በመሥመሩ ፈንታ ብርሃንና ጥላ ይገባል።

ይህን አተያይ ለመለማመድ የደሴን ሰኞ ገበያ የመሰለ ትምህርት ቤት የለም። በገበያው ቀን እህልና ቅመም ዘርግተው ከተቀመጡት እናቶች የአንዷን ፊት ያስተውሉ። ፀሐይ ያረፈበት ጉንጭ ወርቃማ ሲሆን፣ በነጠላው ጥላ ሥር ያለው ወደ ቀይ ዳማ ወይም ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ወልዲያ የተወለዱት ሠዓሊ ታደሰ መስፍንም የገበያ ሴቶችን «የሕይወት ምሰሶዎች» በሚል ርእስ በተከታታይ ሥለዋቸዋል።

ሙያው ለወንድ ብቻ የተተወም አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 አዲስ አበባ ላይ ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተመረቁት ሴቶች ቀዳሚዋ ሠዓሊ ደስታ ሐጎስ ናቸው። በ1969 ሥራዎቻቸውን ለብቻቸው ለሕዝብ አሳይተዋል።

በቤት ውስጥ ለመጀመር ለሚሹ ጥቂት ምክር እነሆ።

የሚሣለውን ሰው ከአንድ መስኮት አጠገብ ያስቀምጡና አስቀድመው በከሰል ይንደፉ። ዓይን የሚገኘው ከራስ አናት እስከ አገጭ ካለው ርቀት እኩሌታ ላይ ነው፤ ጀማሪ ግን ወደ ላይ ስለሚሰቅለው ግንባሩ ያጥርበታል። በሁለቱ ዓይኖች መካከልም አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ ይተዋል። ዓይንዎን አጥብበው ሲያዩ ዝርዝሩ ጠፍቶ ትልልቁ ጥላ ይቀራል፤ መጀመሪያ እርሱን ያስፍሩ። ቆዳችንን በቡናማና በነጭ ብቻ መቀባት አመድ የተነፋበት ያስመስለዋል፤ ቢጫ፣ ቀይና ጥቂት ሰማያዊ ይጨመርበት።

የዘይት ቀለም የሚለወሰው ከምናውቀው ከተልባ በተጨመቀ ዘይት ነው። አየር እየሳበ ስለሚደርቅ ቀናት ይፈጃል፤ ለማረምም ጊዜ ይሰጣል። የታችኛው ቅብ ቀጭን፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን፤ አለዚያ ሥዕሉ ይሰነጠቃል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ሲከመር በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ውጭ ዘርግተው ያድርቁት። ቀለሙን የሚያቀጥነው ተርፐንታይንም ከሕፃናት ይራቅ፤ ሲሠሩ መስኮት ይከፈት።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሥዕሏን ሦስት ጊዜ ፍቃ፣ ዓይኖቹን አሳንሳ፣ ጥላውን አጠንክራ ዳግመኛ ለእህቷ አሳየቻት። እህቷ ብዙ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ነጠላዋን ግን በግራ ትከሻዋ ነበር የምትጥለው» አለች። ይህን ፎቶግራፉ አልያዘውም ነበር።

ውድ አንባቢ፣ እናትዎ በሕይወት ካሉ ፎቶግራፍ አይጠብቁ። ዛሬ ቡና ሲያፈሉ ከአጠገባቸው ይቀመጡና ከሰል ያንሡ። ሥዕሉ ባይሳካ እንኳ መልካቸውን በውል አይተውታል።